ጽጌረዳዋን ማን ይያዝ

ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ለቅሶ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ አንዲት ጽጌረዳ በቅላለች። ግንዷ ቀጭን ነው፤ አበባዋ ግን የልጅ ቡጢ ያህላል። እንዳትወድቅ ብለው ከብረት ጋር በሽቦ ጥፍር አድርገው አስረዋታል፤ ሽቦው ቅርፊቷን ሰርስሮ ገብቷል። ጠጋ ብዬ አሸተትኳትና ሳላስበው እጄ ሽቦውን መፍታት ጀመረ።

ዘበኛው ሮጦ መጣ። «እማማ፣ ይተዉት! ከተፈታች ትወድቃለች።»

«ታንቃለች እኮ ልጄ። ጨርቅ የለህም?»

ልጁ ሳቀብኝ፤ ግን ደግ ነበርና አሮጌ ፎጣ ቀዶ ሰጠኝ። አላልቼ አሰርኳት። ክፍሌ ገብቼ እጄን ብታጠብም ሽታው አልለቀቀኝም። ሌላው ሰው ጽጌረዳ ሲሸተው ምን እንደሚያስታውስ አላውቅም፤ ሠርግ ይሆናል፣ ፍቅር ይሆናል። እኔ የማስታውሰው ቅናት ነው። በጣልያን ጊዜ፣ ስምንት ዓመት ገደማ ሳለሁ፣ የጽጌን ወር ሙሉ ሲያንገበግበኝ የከረመ ቅናት።

ያኔ የምኖረው ከአያቴ ጋር ነበር። አያቴ መነኩሴ ስለነበሩ እንደ ሰፈሩ ሰው እኔም «እማሆይ» ነበር የምላቸው። አባቴ አየለ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰና ሞተ። እናቴ ሐዘኑ ሲወጣላት ሐሙሲት ባል አግብታ ሄደች። ለእኔ የቀሩኝ እማሆይና ደጃችን ላይ ያለችው ጽጌረዳ ነበሩ። ጽጌረዳዋን የተከላት አባቴ ነው። ከጎንደር ሲመለስ ቅርንጫፏን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በቅሎ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፏት እንደመጣ እማሆይ ደጋግመው ነግረውኛል። የአባቴን ፊት በደንብ አላስታውሰውም ነበር። ስለዚህ እሱን ማየት ሲያምረኝ ሄጄ ጽጌረዳዋን አያለሁ።

ደብረ ታቦር ግን ለእሷ የሚመች አገር አልነበረም። ከጉና የሚወርደው ነፋስ አያድርስ ነው፤ የክረምት መውጫ በረዶም አለ። አበባዋ ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳታል። ግንዷ መሸከም ያቅተውና አንገቷን ደፍታ ጭቃ ላይ ትተኛለች። ያኔ እማሆይ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ይወጡና «ነይ የአየለ ልጅ፣ እናንሳት» ይሉኛል።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ግንዷን አቅንቶ ይይዛል፤ አንዱ ያስራል። ያዧ እኔ ነበርኩ። እሾኩን ለማምለጥ ጣቶቼን የት የት እንደማሳርፍ አውቃለሁ። እማሆይ የቀርከሃውን ድጋፍ ነፋስ በሚመጣበት በኩል፣ ሥሯን እንዳይወጋ ራቅ አድርገው በድንጋይ ይመቱታል። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደውን ጨርቅ መጀመሪያ ድጋፉ ላይ ያስሩና፣ መካከል ላይ አጠላልፈው ግንዷን ያዞሩታል። ከዚያ «ጣትሽን አስገቢ» ይሉኛል። ጣቴን በጨርቁና በግንዷ መካከል ሰደድ አደርጋለሁ።

«ገባ?»

«ገባ።»

«እንግዲያ አላነቅናትም» ይላሉ።

አበባዎቹ የማርያም ናቸው። በጽጌ ወር፣ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር መግቢያ፣ እሑድ እሑድ የፈካውን ቆርጠን ቤተ ክርስቲያን እንወስዳለን። አበባውን ታቅፌ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ሰው «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ እማሆይ «የአየለ» ብለው ይመልሳሉ። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሙሉ የመጣችው መስቀል እንዳለፈ ነው። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ አዝላ፣ በጋቢ ሸፍና አመጣቻትና ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ተመለሰች። ሙሉ የአጎቴ የደምሴ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ። እግሯ ቆስሎ አብጧል። እማሆይ ቁስሏን ለብ ባለ ውሃ ሲያጥቡላት እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ።

«ምን ሆና ነው?» አልኳቸው።

«መንገድ ጎድቷት ነው።»

«አባቷስ የት ሄደ?»

እማሆይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቷ ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቷል። እናቷም አብራው ናት። ይህን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ትልቅ ሰው ቢሆን ነገሩ ይገባው ነበር። አጎቴ አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቷል ማለታቸው ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ዱር የሚባል ቤት አላቸው ማለት ነው አልኩ። አባትም እናትም ያሉበት ቤት። ታዲያ ያን የመሰለ ቤት እያላት የእኛ ጎጆ ምን ሊሠራላት መጣች?

በመጀመሪያው ቀን መኝታዬን ወሰደች። እማሆይ ጎን የምተኛው እኔ ነበርኩ፤ «እግሯን እንዳትረግጪባት» ተብዬ ግርጌ ወረድኩ። በማግሥቱ እማሆይ ምላጭ አውጥተው ጠጉሯን ልክ እንደ እኔ ጋሜ ላጯት። ከዚያ ለጥምቀት የተሰፋልኝን ጥልፍ ቀሚስ ከሣጥኑ አወጡና አለበሷት። ልክክ አለላት። እኔ ላይ ገና ሁለት ጊዜ እንኳ አልዋለም።

«የእኔ ነው!» አልኩ።

«ነው። አንቺ የትናንቱን ትለብሻለሽ» አሉኝ እማሆይ። ደግሞም ቀጠሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን እትዬ በላይነሽ ዘንድ ትውያለሽ። የማታውቂው ሰው ከጠየቀሽ የእሷ ልጅ ነኝ በይ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

«እሷስ?»

«እሷ ከእኔ ጋር ትሆናለች።»

ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። የልጅ አፍ አይታመንም ብለው ይሆናል። እኔ ግን ምክንያቱን ለራሴ አገኘሁለት፦ እማሆይ ልጅ ለውጠዋል።

እትዬ በላይነሽ አጥር ለአጥር የምንዋሰናት ጥጥ ፈታይ ነበረች። ቤቷ ሰው አይጠፋውም። ድር የሚገዛው፣ ወሬ የሚያመጣው ይገባል ይወጣል። እኔ ጥግ ይዤ ጥጥ እፈለቅቃለሁ። አንድ ቀን ሴቶቹ ስለ ጣልያን ሲያወሩ ሰማሁ። የአርበኞቹን ልጆች እየፈለገ ይሰበስባል፤ በመኪና ጭኖ ወደ ምሽጉ ይወስዳል፤ አባቶቻቸው እጅ እስኪሰጡ ድረስ አይለቅም አሉ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «በመኪና» የሚለው ብቻ ነው። መኪና ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቼ አላውቅም። የአርበኛ ልጅ መሆን ይህም አለው ለካ ብዬ ደግሞ ቀናሁ።

«እትዬ፣ እማሆይ ጠሉኝ?» አልኳት ሰው ሲወጣ።

እትዬ በላይነሽ እንዝርቷን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አይቼ ነው።»

«ያየሽውን እንዳላየሽ ሁኚ የኔ ልጅ። ጥጥሽን ፈልቅቂ» አለችና ቆሎ በእፍኝ ሰጠችኝ።

በአጥሩ መካከል እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። በዚያች አጮልቄ ሳይ ነው የከፋው የመጣው። ሌሊቱን የመታት ዝናብ ጽጌረዳዋን አጋድሟታል። እማሆይ ወጡ፤ ጨርቁን በጥርሳቸው ቀደዱ፤ ግንዷን የያዘችው ሙሉ ናት። ያውም አያያዙን አታውቅበት! በሙሉ መዳፏ ጨብጣት እሾኩ ወጋትና አለቀሰች። እማሆይ ሥራቸውን ጣል አድርገው ጣቷን ተቀበሉ፤ እሾኩን ነቅለው እፍ እፍ አሉላት። እኔን ሲወጋኝ «ቻይው» ነበር የሚሉኝ።

ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጧትና እንዲህ ሲሉ ሰማሁ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሙ…»

«ስምሽ ማነው?»

«ጥሩወርቅ።»

ጥሩወርቅ የእኔ ስም ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአየለ።»

«አባትሽ የት ነው?»

ሙሉ የተወጋ ጣቷን መጥባት ጀመረች።

«ሞቷል በይ።»

«አልልም።»

«በይ እንጂ ልጄ። ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው ይህን ካላልሽ።»

«ካልኩት ይሞታል! አባቴ ይሞታል! አልልም!» ብላ ፊቷን በነጠላቸው ሸፈነች።

አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። መኝታው ይሁን፤ ቀሚሱም ይሁን። ጽጌረዳዋንም ያዘችው። አሁን ስሜንና አባቴን ደግሞ ወሰደች። እሷ አባት አላት፤ የእኔን ሙት አባት ምን ልታደርገው ነው? እኔስ ማን ልባል ነው? ሐሙሲት ወስደው ለእንጀራ አባቴ ሊሰጡኝ ነው ብዬ ቆረጥኩ። የዚያን ቀን እራት አልበላሁም። እማሆይ ጉርሻ ይዘው ሲመጡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እትዬ በላይነሽ ቀሚስ ሥር ቆሜ፣ የሙሉን እግር ቶሎ አድኚላትና ትሂድልኝ ብዬ ማርያምን ለመንኳት። ልመናዬ ለእሷ መዳን ነው፤ የወጣው ግን ከቅናት ነው። ማርያም የትኛውን እንደሰማች እንጃ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ፣ እትዬ በላይነሽ ዘንድ ከሄድኩ በኋላ፣ በረዶ ወረደ። ግቢው ሁሉ ነጭ ሆነ። ጽጌረዳዋ ከነድጋፏ መሬት ላይ ተዘርግታለች። በቀዳዳዋ አየኋት። እማሆይ ድጋፉን ሊተክሉ ወጡ፤ ሙሉ እያነከሰች ተከተለቻቸው፤ ያንኑ አያያዟን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እትዬ በላይነሽ «ነይ! ተመለሺ!» እያለች በአጥሩ ሥር ሾልኬ ገባሁና ግንዷን ከሙሉ እጅ ቀማሁ።

«እኔ ነኝ የምይዛት! አባቴ ነው የተከላት!»

«ጥሩዬ…» አሉ እማሆይ።

ሙሉ አልለቀቀችም። እኔም አልለቀቅሁም። ሁለታችንም ይዘናት እንደቆምን የግቢው በር ተበርግዶ ተከፈተ።

የገቡት የባንዳው አለቃ፣ ሹምባሽ ይሉታል፣ ሁለት ጠብመንጃ ያዥ ባንዳዎችና አንድ ወጣት ጣልያን ናቸው። ሹምባሹ የአገራችን ሰው አይደለም። እማሆይ ቀና አላሉም። ጨርቁን ማጠላለፋቸውን ቀጠሉ።

«መነኩሲት፣ የደምሴ እናት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።» እማሆይን ሰው በአንቺ ሲጠራቸው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«የደምሴ ልጅ እዚህ ናት ብለውኛል።»

«እዚህ ያለችው የሟቹ ልጄ የአየለ ልጅ ናት። ይህንን አገሩ ያውቀዋል። ይችውልህ ጥሩወርቅ» ብለው በአገጫቸው ሙሉን አሳዩት። «ይቺኛዋ የጎረቤት ናት። ልትጫወት መጥታ ነው።»

ሹምባሹ ሙሉ ፊት ቁጢጥ አለ። «ስምሽ ማነው?»

«ጥሩወርቅ» አለች። ድምጿ አይሰማም።

«አባትሽ?»

«አየለ።»

«የት ነው ያለው?»

ከበረዶው የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል። «የት ነው አባትሽ?» አለ እንደገና። ሙሉ አፏን ትከፍታለች፤ ቃሉ ግን አይወጣም። አይወጣምም፤ እኔ አውቃለሁ። ያኔ ነው የእማሆይን እጅ ያየሁት። ጨርቁን ግንዷ ላይ ጥፍር አድርገው እየጎተቱት ነው፤ ጣት አያስገባም። እማሆይ ጅብ ሲጮህ የማይፈሩ፣ መብረቅ ሲወርድ የማይደነግጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ይህን ያህል ከፈሩ ነገሩ የቀሚስ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ሴቶቹ ደረታቸውን የመቱበት ወሬ፣ መኪናው፣ ምሽጉ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከሙሉ ጋር ተያያዘብኝ።

«ሞቷል!» አልኩ።

ሹምባሹ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«አየለ ሞቷል። ንዳድ ነው የገደለው። ቆላ ሄዶ መጥቶ፣ ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ ሞተ። ማርያም ነው የተቀበረው፣ ከዋርካው ሥር» አልኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ስለ አባቴ ሞት ከማንም ጋር አውርቼ አላውቅም ነበር። ለካ ሁሉንም አውቀው ኖሯል።

«ታዲያ የሰው አባት አንቺን ምን ያስለቅስሻል?» አለኝ ሹምባሹ።

ምን ልበለው? አባቴ ነው እንዳልል እሷ አለች። «ጽጌረዳዋን እሱ ነው የተከላት» አልኩ እያለቀስኩ። ይህን ስል ሙሉም ዋይ ብላ ልቅሶዋን ለቀቀችው። ሁለታችንም ግንዷን ይዘን እንንሰቀሰቃለን።

ጣልያኑ ሰዓቱን አየና አንድ ነገር ተናገረ። ሹምባሹ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ባንዳዎቹ ጎጆውን በርብረው፣ ጎታውን በሰደፍ ደብድበው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ጣልያኑ ከበረዶ የተረፈችውን ትልቋን አበባ ቀጠፈና እያሸተተ ተከተላቸው።

እማሆይ መጀመሪያ ቋጠሮውን ጨረሱ። ከዚያ በረዶው ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ በላይነሽ በአጥሩ ቀዳዳ «ሄዱ?» ትላለች።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ትፈሪያለሽ። የፈራ ልጅ ደግሞ ከፊቱ ይታወቃል። እሷን እይያት።»

«እትዬ በላይነሽ ዘንድ እሷ ብትሆንስ?»

«ሰው በሚተራመስበት ቤት? ሰው ባየች ቁጥር ስትርድ? ከእጄ ላርቃት አልቻልኩም ልጄ። ስምሽን የሰጠኋት ካንቺ ሌላ የምሰጣት ስም ስላልነበረኝ ነው።»

«አባቴንስ?»

«እሱንም።»

«ይመልሱልኛል?»

«እመልስልሻለሁ» አሉኝ፤ አልሳቁም።

ቅናቴ ያን ቀን ለቀቀኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ማታ ሙሉ እማሆይ ጎን ስትተኛ ያው ግርጌ ሆኜ እግሬን እየወረወርኩ ተገላበጥኩ። ግን የምቀናበት ነገር ተለወጠ። ይሞታል ብላ የምትፈራለት አባት ያላት መሆኑ ነው ያስቀናኝ። እኔ የምፈራለት አባት አልነበረኝም።

ሹምባሹ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ብለው እማሆይ ሙሉን ሊያሸሿት ወሰኑ። እግሯ ድኖላት ነበር። ያች ያመጣቻት ሴትዮ በገበያ ቀን ከገበያተኛው ጋር ቀላቅላ ልትወስዳት ተስማማች። መንገድ ላይ ግን ኬላ አለ፤ ይጠይቃሉ። ሙሉ ደግሞ አሁንም ያችን ቃል አትልም። እማሆይ ለመኗት፣ ተቆጧት፤ እንቢ።

እኔ እጇን ይዤ ጽጌረዳዋ ዘንድ ወሰድኳት።

«አባቴ ሞቷል አትበይ» አልኳት። «አየለ ሞቷል በይ።»

«አንድ አይደል?»

«አንድ አይደለም። አባትሽ ደምሴ ነው። አየለ የእኔ ነው። እሱ እውነትም ሞቷል። ብትዪውም ባትዪውም ሞቷል፤ ምንም አይሆንም።»

ብዙ አሰበች። «አንቺ አይከፋሽም?»

«ይከፋኛል። ግን በይ።»

«አየለ ሞቷል» አለች ቀስ ብላ። የአባቴ ስም በሌላ ልጅ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚያም! ቢሆንም ደጋግሜ አስባልኳት። «በየትኛው በሽታ?» እላታለሁ፤ «በንዳድ» ትለኛለች። «የት ተቀበረ?» «ማርያም፣ ከዋርካው ሥር።» አንድ ጊዜ ዋርካውን ረስታ ወይራ አለች፤ ተቆጣኋት። ዋርካ ነው፣ የአባቴን መቃብር እንዳታበላሺብኝ አልኳት። ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በገበያው ቀን ማለዳ ቀሚሴን እንደለበሰች ሄደች። ኬላው ላይ እንደጠየቋት፣ ሳትደናቀፍ እንደመለሰች ሴትዮዋ ኋላ ላይ ለእማሆይ ነግራቸዋለች። እኔ መኝታዬን አገኘሁ። የቀረውን የጽጌ ወር ግንዷን የያዝኩት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አበባውንም ታቅፌ ከፊት የሄድኩት እኔ ነኝ። እንዳሰብኩት አልጣፈጠኝም።

በሚቀጥለው ክረምት ጣልያን ከደብረ ታቦር ወጣ። ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቀትር አጎቴ ደምሴ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ ጠብመንጃውን አንግቶ ግቢያችን ገባ። ሚስቱ ሕፃን አዝላለች። ሙሉ ከበቅሎው ላይ ዘላ ወረደች፤ አድጋለች፤ ቀሚሴ አጥሮባታል። እማሆይ እልል እያሉ ከቤት ወጡ፤ ጭቃውን እየረገጡ፣ ልጃቸውን እንኳ አልፈው፣ በቀጥታ ወደ እሷ።

ያው ቅናቴ መጣብኝ። በር ላይ ቆሜ ለመቅረት ፈልጌ ነበር። ሙሉ ግን በእማሆይ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝና «ጥሩወርቅ!» ብላ በራሴ ስም ጠራችኝ። ሮጥኩ። ሮጬም ወደ ጎን አልቆምኩም፤ በሁለቱ መካከል በክርኔ እየገፋሁ ገባሁ። እማሆይ ሁለታችንንም አንድ ላይ ለማቀፍ ምርኩዛቸውን ጭቃው ላይ ጣሉት።